ሰሌዳ ላይ የዋለው የክርስትና ስም

ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፤ በጥር ወር እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ላይ ተዋርጃለሁ። ስልኬ አልከፈት ብሎኝ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ልጁ «ፓስዎርድሽን ንገሪኝ እናቴ» አለኝ። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኩት። አልሰማኝም። ደግሜ ነገርኩት። ቀና አለና ሱቁ ሙሉ እስኪሰማ፣ «አለበል? አለበል ነው ያልሽኝ? በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ?» ብሎ ጠየቀኝ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ የሰፈሬ ሴቶች ነበሩ። አለበል ማለት የፈታሁት ባሌ ነው፤ በዚሁ ዓምድ ላይ «መልኩ እንኳ ጠፍቶኛል» ብዬ የጻፍኩበት። ከዚያ ወዲህ እድር በሄድኩ ቁጥር «እትዬ ትርንጎ፣ ፓስዎርድ ደህና ነው?» ይሉኛል።

ይህን ጉዴን ለእህቴ ልጅ ለፍሬሰላም ጽፌ ላክሁላት፤ ትስቃለች ብዬ። አልሳቀችም። ለምን እንዳልሳቀች ከዚህ በታች ያሉት ደብዳቤዎች ይነግሯችኋል። ፍሬሰላም ከአዲ አርቃይ ወጣ ብሎ፣ ተራራው ሥር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር መምህርት ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ የክርስትና እናቷም ነኝ። በዚህ ዘመን ደብዳቤን ምን አመጣው ብትሉ፣ እዚያ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል፤ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ግን የአያ የሻው አውቶቡስ አይቀርም። ደብዳቤዎቹን እንዳወጣ ራሷ ፈቅዳልኛለች፤ የትምህርት ቤቷን ሰዎች ስም ግን ለውጬዋለሁ። ከመሃል ያስቀረኋቸው አሉ፤ ያስቀረሁት የማይነበብ ነገር ኖሮባቸው ሳይሆን የእኔ ወሬ ስለበዛባቸው ነው።

የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ ትርንጎ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያልኩት ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ደህና አይደለሁም።

«ምነው ዝም አልሽ፣ አስቀየምኩሽ?» ብለሻል። አላስቀየምሽኝም። የጋሽ አለበል ነገር በሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ የምስቅበት ነበር። በዚህ ሰሞን ግን ስለ ፓስዎርድ የሚያስቀኝ ነገር የለም።

ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒዩተር ነው። ልጆቼ አብዛኞቹ ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዙት እኔ ክፍል ነው። ስለዚህ እየገቡ እንዲለማመዱ ለእያንዳንዳቸው አካውንት ከፈትኩላቸው። ጠዋት ጠዋት የይለፍ ቃላቸውን ረስተው ይመጣሉ። ማሽኑ ለረሳ ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱ ከገጠመ ያስገባዋል። ጥያቄውን የምመርጠው እኔ ነኝ። የእናትህ ስም ማን ነው እንዳልል፣ እዚህ የማን እናት ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። የምትወደው ምግብ ብል ሁሉም ሽሮ ብለው ጻፉ። አስቤ አስቤ የክርስትና ስም ብዬ አስገባሁ። ከልጁ፣ ከእናቱና ከንስሐ አባቱ በቀር ማን ያውቀዋል? ያን ቀን በብልሃቴ ተደስቼ ነበር፤ ማታ ለብቻዬ እየሳቅሁ ነው የተኛሁት።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ ሰው ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ተሰብስቧል። የተማሪዎቹ ስም በግራ፣ የክርስትና ስማቸው በቀኝ፤ ታትሞ፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም አርፎበት። እንዴት ወጣ አትበይኝ። ወጣ። ወዲያው ቀደድኩት። ግን የቀደድኩት በስልኩ ያነሳው ካነሳ በኋላ ነው።

አገሩን ታውቂዋለሽ። እዚህ የክርስትና ስሙን ለባዕድ የሚናገር የለም። በወንድ ስም ድግምት ይደገምበታል ይላሉ፤ በሴት ልጅ ስም ደግሞ መስተፋቅር ይሠራባታል፣ ሳትወድ ታገባለች ይላሉ። መምህራኑ «ተዉት ይሄን ወሬ» እያሉ ይስቃሉ፤ የራሳችሁን ንገሩን ስላቸው ግን የሚናገር አጣሁ። እናቶቹ ወዲያው መጡ። ያች ጎበዝ ያልኩሽ ውቢት፣ በክፍሉ አንደኛ የምትወጣው፣ እናቷ አስናቀች ገብታ እጇን ይዛ «ነይ ውጪ» አለቻት። እኔን ዞር ብላም አላየችኝ። ሌሎቹም ተከተሏት።

ወንዶቹ ተመልሰዋል። ሴቶቹ ግን ትምህርት ይመጣሉ እንጂ የኮምፒዩተር ክፍሉን ደጅ አይረግጡም፤ እናቶቻቸው በግዝት ከልክለዋቸዋል። እንዲህ እንዳሉ ሰኔ ከደረሰ፣ የቱን እንደሚጫኑ ሲፈልጉ የፈተናው ሰዓት ያልቅባቸዋል። ውቢት ሐኪም እሆናለሁ የምትል ልጅ ናት። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይለፍ።

በስልክ አትጠይቂኝ። ስልክ ማመን ትቻለሁ።

ልጅሽ ፍሬሰላም

የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፍሬሰላም፤

እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረሰሽ። እኔ ወገቤም ደህና ነው፣ ጎንደርም ደህና ናት። አያ የሻው ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ «ልጅቱ ከስታለች» አለኝ። እሱ ሁሉንም ሰው ከስቷል ነው የሚል፤ ግን ጨነቀኝ።

ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ያን ቀልድ ስጽፍልሽ አንቺ እንዲህ ያለ ነገር ላይ እንዳለሽ አላወቅሁም። ሌላም ይቅርታ አለብኝ። ፎቶው እዚህ ደርሷል። ቅዳሜ ሹሩባ ልሠራ ተቀምጬ፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ «አዲ አርቃይ አካባቢ የተለጠፈውን ጉድ አያችሁት?» ብላ ስልኳን አዞረች። ያንቺ ትምህርት ቤት መሆኑን አላወቅሁም። አወቅሁ አላወቅሁ ግን በሁለት ጣቴ አጉልቼ ማንበብ ጀመርኩ። አንዷን፣ ሁለቷን፣ ሦስቷን አነበብኩ። የሰው ልጅ ስም ነው፤ ቄስ በውሃ ላይ የጠሩት። ከዚያ ማኅተሙን አየሁት፤ ያንቺ ትምህርት ቤት ነው። «አጥፊው» አልኳት። «ምን አገባሽ እትዬ፣ እኔ ነኝ የለጠፍኩት?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እሷ አልለጠፈችውም። እኔም አልለጠፍኩትም። ግን ሁለታችንም አነበብነው።

«እንዴት ወጣ አትበይኝ» ስትይ ምን ማለትሽ ነው? እኔን ነው እንዴት አትበይኝ የምትይው? በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ሰው ተደብቋል። ወረቀት ራሱ ተራምዶ ሰሌዳ ላይ አይወጣም፣ ማኅተምም ካለ ሰው እጅ አያርፍም። ማን ነው ያ ስሙን የምትሸፍኝለት?

በብጣሽ ወረቀት ለብቻው ጽፈሽ ስለላክሽልኝ ጥያቄ ግን፣ ጾሙ ይለፍና በአካል እንነጋገርበታለን። አሁን ጊዜው አይደለም።

በርበሬና ሽሮ ልኬልሻለሁ። የምትወጅውን ምግብ ቢጠይቁሽ አንቺም ሽሮ እንደምትይ አውቃለሁ።

እናትሽ ትርንጎ

የካቲት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ትርንጎ፤

እንኳን አብሮ አደረሰን። በርበሬው ሸጋ ነው፤ ሽሮውን ከመምህራኑ ጋር ተካፍዬዋለሁ። ከስታለች ያለሽ ውሸት ነው።

ፎቶውን አጥፉ ብዬ የሁሉንም ክፍል ተማሪ ለምኛለሁ። «አጥፍተናል ቲቸር» ይላሉ። ምን አውቃለሁ? አንዱ «እኔ አጥፍቼዋለሁ፣ ግን ለአጎቴ ልጅ ማክሰኝት ልኬው ነበር» አለኝ። ሌላዋ ለአይከል ዘመዶቿ። አንቺ ጋ መድረሱን ስሰማ አልገረመኝም። ወረቀቱን እኔ ቀድጄዋለሁ፤ እሱ ግን ያለ ወረቀት እየሄደ ነው። ክፍል ገብቼ እያስተማርኩ አንድ ተማሪ ስልኩን ባየ ቁጥር ያንን ያየ ይመስለኛል። ቁጭ ብዬ እነሳለሁ፤ ተነስቼ እቀመጣለሁ።

ለጠየቅሽኝ መልሱ ትዕዛዙ የሚባለው ምክትል ርዕሰ መምህራችን ነው። ክፉ አስቦ አይደለም። እኔ ደባርቅ ለስብሰባ ስሄድ «ሪፖርት መላክ አለብኝ፣ የአንቺን ፓስዎርድ ስጪኝ» አለኝ። እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ? እዚህ ቤት የማንኛውም መምህር የይለፍ ቃል የሁሉም ነው፤ አልሰጥም ያለ ሰው ሌባ ብሎ እንደተሳደበ ነው የሚቆጠረው። ሰጠሁት። እሱ ደግሞ ለኮምፒዩተር ልምምድ የተመዘገቡ ተማሪዎች ስማቸውን አይተው ይደሰቱ ብሎ አሳተመ። ማሽኑ ስሙን ብቻ ሳይሆን ያለውን ሁሉ አተመለት። ሳያነበው ማኅተም መታ፤ ለዘበኛው ለጥፍ ብሎ ሰጥቶት ስብሰባ ገባ። በቃ ይኸው ነው።

እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ የለጠፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነው የሚያምነው። ለምን ዝም እንዳልኩለት ለጊዜው አትጠይቂኝ።

የሠራሁትን ልንገርሽ። መልሶቹን በሙሉ ከማሽኑ አጥፍቻለሁ። አሁን እያንዳንዱ ተማሪ የሚፈልገውን ጥያቄ ራሱ ይመርጣል፤ መልሱን እኔም ብሆን ማየት አልችልም። የይለፍ ቃሌን ቀይሬ ለማንም አልሰጥም አልኩ። የመምህራን ክፍል አኩርፎኛል። አንዱ ሻይ ሲቀዳ «ለፍሬሰላም አትስጧት፣ ስኳሩ በፓስዎርድ ነው» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እናቶቹን ግን ይህ ሁሉ አልመለሳቸውም። ባለፈው ረቡዕ ግቢው ውስጥ ሰበሰብኳቸው። አጥፍቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ አይታይም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አልኩ። አስናቀች ተነሳች።

«መምህርት፣ ነጠላዬን አውልቀሽ ገበያ መሃል ካቆምሽኝ ወዲያ መልሰሽ ብታለብሽኝ ምን ይጠቅመኛል?» አለች።

«ምን ላድርግ ታዲያ እታለም? ንገሪኝና ላድርገው» አልኳት።

«የእኛን ልጆች ስም አየሽው። ያንቺን ግን እኛ አናውቀውም። በዚያው ሰሌዳ ላይ ጻፊው። አንቺም እንደኛ ሁኚ፤ ከዚያ ልጄን እልክልሻለሁ።»

ሌሎቹ «እውነቷን ነው» አሉ። ቀኑን ራሳቸው ቆረጡ፤ ደብረ ዘይት እሁድ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ።

እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? «የክርስትና ስሜን አላውቀውም» አልኩ። አንዲት ሴት ከኋላ «አየሽ፣ ስትሰስት» አለች፤ ተበተኑ። እውነቴን እንደሆነ አንድ ሰው አላመነኝም።

እትዬ፣ ስለዚህ በብጣሽ ወረቀት የጠየቅሁሽን በትልቁ እጠይቅሻለሁ። የክርስትና ስሜ ማን ነው? ጾሙ ይለፍ አትበይኝ። ቀኑ እሁድ መጋቢት ስድስት ነው።

ፍሬሰላም

የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፍሬሰላም፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እዚህ ሁሉ ደህና ነው። የጎረቤታችን የሶሊያና ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ሆኗል፤ ሙሽራው የመተማ ነጋዴ ነው ይላሉ፣ ያየው ሰው ግን የለም። ቀበሌው ቧንቧውን ቆፍሮ ትቶት ሄዷል። ቢያዝን፣ ያ ጸጉር ቆራጩ፣ ሱቁን አስፍቶ መስታወት በመስታወት አድርጎታል፤ ሰው ሲገባ አራት ሆኖ ነው የሚታየው። ወገቤ ትናንት ትንሽ ይዞኝ ነበር።

ስለ ሰውዬው አትጠይቂኝ ብለሻል፤ ዝም ልበል ብዬ ነበር አልቻልኩም። በአንድ ደብዳቤ «ክፉ አስቦ አይደለም» ካልሽ በኋላ ሌላ ምን ልታስረጅኝ ነው? እኔ በየወሩ የሰው ትዳር የምጽፍ ሴት ነኝ ፍሬዬ። አንዲት ልጅ የሥራ ባልደረባዋን ጥፋት በዝምታ ስትሸከም ስታይ፣ ወይ ቅድስት ናት ወይ ሌላ ነገር አለ። ቅድስት ደግሞ አይደለሽም፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁሽ። መልሱን ጻፊልኝ። ደግሞም ይህን ሁሉ ነገር ለመጽሔቱ ብጽፈው ምን ትያለሽ? ብዙ እናት፣ ብዙ መምህር ይማርበታል።

ስለ ስሙ። አሁን የሚሆን አይደለም። እንዲህ አድርጊ፤ አንድ ስም ፈልጊና ጻፊላቸው። ወለተ ጊዮርጊስ በያቸው፣ ወለተ ሚካኤል በያቸው። ያ አገር በወለተ ጊዮርጊስ የተሞላ ነው፤ ማን ያጣራል? ያጠመቁሽ ቄስ ቤት ድረስ ሄደው አይጠይቁ። ልጆቹ ይመለሱ፣ አንቺም ትረፊ፣ ሁሉም ይረጋጋ።

የጾም ኩኪስ ልኬልሻለሁ። አያ የሻው መንገድ ላይ ካልበላው።

እናትሽ

የካቲት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ትርንጎ፤

ኩኪሱ ደርሷል፤ ግማሹ። ሰላምታዬን አሳጥሬ ስጽፍ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አያ የሻው እየጠበቀኝ ነው፣ እኔም ተናድጃለሁ።

አዎ ነው መልሱ። ከፋሲካ በኋላ አንቺ ዘንድ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። አሁን ይልክ አይልክ አላውቅም፤ ተጣልተናል። የተጣላነው በሰሌዳው አይደለም። እንደ አንቺው «ዝም ብለሽ አንድ ስም ጻፊ፣ ማን ያውቃል» ስላለኝ ነው። ሳትተዋወቁ አንድ ምክር መከራችሁኝ።

ተጣልተን ባለፈው ሳምንት አርብ ዕለት ለማንም ሳይናገር አስናቀች ቤት ሄደ። የለጠፍኩት እኔ ነኝ ብሎ ነገራቸው። እዚያ ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም፤ ሲመለስ «ነገርኳቸው» ብቻ አለኝ፣ አይኑ ቀልቶ ነበር። እኔ ያወቅሁት በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ አስናቀችን ሳገኛት ነው። ከዚያ በኋላ ልጇን ትመልሳለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

«እሱማ ለጠፈው፣ መጥቶ ነገረኝ፣ ሰው ነው» አለችኝ። «የጠየቅሻቸው ግን አንቺ ነሽ። ምነው ይሄን ጠየቅሽ? ለኮምፒዩተር ምን ያደርግለታል የልጄ የክርስትና ስም? የበሬሽ ስም ማን ነው ብትያት አትነግርሽም ነበር?»

እስካሁን ድረስ ጥፋቴ ፓስዎርዴን መስጠቴ ነው ብዬ ነበር የማምነው። እሷ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠች ሴት አይደለችም፤ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፣ አንድ ነገር ስትናገር ዝም ብላ አይደለም። የማልፈልገውን ነገር ጠይቄ ሰበሰብኩ። ባልሰበስበው ኖሮ ትዕዛዙ ምን ይለጥፍ ነበር?

ውቢት ትናንት በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ካርቶን ላይ ኪቦርድ ሥላ ይዛለች፤ ፊደሎቹን በሙሉ በቦታቸው። ቤቷ ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቷን ታለማምዳለች። «ልክ ነው ቲቸር?» አለችኝ። አንዲት ፊደል ብቻ ተሳስታለች። «ማውሱንስ?» አልኳት። «ማውሱን በሳሙና ነው የምለማመደው» አለች፤ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ «እማዬ ቃሏን አታጥፍም። አንቺ ከጻፍሽ ትልከኛለች» አለችኝና ሮጠች።

አሁን ንገሪኝ። ለዚች ልጅ እናት ነው ስም ፈጥሬ የምጽፍላት? እነሱ እውነተኛ ስማቸው ነው የወጣባቸው። እኔ የውሸት ስም ለጥፌ «እኩል ሆንን» ብላቸው፣ ነገ ክፍል ቆሜ ስለ መታመን ምን ብዬ አስተምራለሁ?

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ አትቀየሚኝ። እነዚህ ልጆች ስማቸውን እያወቁ፣ ሳይፈልጉ ሰው አየባቸው። እኔ ደግሞ የራሴን ስም ሰው እያወቀው እኔ አላውቀውም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚመስለኝ። ስሜ የማን ነው እትዬ? የእኔ ነው ወይስ ያንቺ?

ለመጽሔትሽ ጻፊው። ግን አስናቀችን አስናቀች አትበያት፣ ውቢትንም ውቢት አትበያት። የትዕዛዙን ስም ማውጣት ይቻል እንደሆነ ራሱን ጠይቄ እነግርሻለሁ። የማንም የክርስትና ስም፣ ፎቶውም፣ የትምህርት ቤቱም ስም እንዳይኖርበት።

ፍሬሰላም

መጋቢት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፍሬሰላም፤

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ይህ አራተኛው ነው። ስለ ጎረቤት አልጽፍልሽም።

«ለምን ደበቅሽኝ፣ ምን አደረግሁሽ?» ብለሽ በሰው ልከሽብኛል። ምንም አላደረግሽኝም። እናትሽ ናት። አልጋ ላይ ሳለች ሐኪሞቹ ኩላሊት ነው ብለዋታል፤ ወረቀቱም አለ። እሷ ግን አላመነችም። በልጅነቷ ለአንዲት ጓደኛዋ የክርስትና ስሟን ነግራት ነበርና፣ ከዚያች ልጅ ጋር ኋላ በሰው ስለተጣሉ «በስሜ ነው የተሠራብኝ» ትል ነበር። በመጨረሻ እጄን ይዛ «የልጄን ስም ለራሷም አትንገሪያት፣ የማታውቀውን አትናገርም» አለችኝ። ማልኩላት። ለመቁረብ ስትደርሺ ስምሽን ለቄሱ በጆሯቸው የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ አንቺን ወደ ውጪ ላክሁሽ። ትዝ ይልሽ ይሆናል፤ ሻማ ግዢ ብዬ።

እኔ አምን አላምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ስለማላውቅ ነው። ቀን ቀን አላምንም። የሰፈሩን ጉድ ሁሉ በየወሩ አሳትሜ የማወጣ ሴት፣ ይህችን አንዲት ነገር ግን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። በዚህ እኮራ ነበር። ከሰው ምስጢር የጠበቅሁት ይህን ብቻ ነውና። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ መሰለኝ። እኔ ያንን ስም ከሰው አልጠበቅሁትም፤ ከባለቤቱ ነው የጠበቅሁት። የወለተ ጊዮርጊሱንም ምክር እርሺው፤ ፈርቼ ነው የጻፍኩት።

እህቴ ትቆጣኛለች። ትቆጣኝ። እሷ ያልሰማችው የውቢትን ሳሙና ነው፤ ብትሰማ ኖሮ ታለቅስ ነበር፣ ታውቂያታለሽ።

በወረቀት ግን አልጽፈውም። አያ የሻው የሰው ደብዳቤ አይከፍትም፤ ረዳቱን ግን አላውቀውም። በስልክም አልነግርሽም፤ ስልክ የያዘው ነገር የት የት እንደሚደርስ አይቻለሁ። መናገር ያለብኝ በጆሮሽ ነው። ከዚያ በኋላ ሰሌዳ ላይ ትጽፊው፣ አስናቀች ጆሮ ላይ ብቻ ትነግሪያት፣ ወይ ጨርሶ ለማንም እምቢ ትይ፣ ያንቺ ውሳኔ ነው፤ እኔ አፌን አልከፍትም።

ልምጣ ወይስ አልምጣ? በአንድ ቃል መልሽልኝ።

ትርንጎ

ደብዳቤዎቹ እዚህ ላይ ያበቃሉ። ሐሙስ ዕለት ኔትወርክ መጥቶ ስልኬ ጮኸ፤ ከፍሬሰላም ነው፣ አንድ ቃል ብቻ ጽፋለች። «ነይ» ይላል።

ይህን የምጽፍላችሁ አርብ ነው፤ መጽሔቱ ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን። ነገ ጎህ ሲቀድ ከአያ የሻው ጋር እወጣለሁ። መናኸሪያ ሄጄ ከፊት ወንበር ያዝልኝ ብዬዋለሁ፤ የሊማሊሞ ቁልቁለት ከኋላ ተቀምጦ አይቻልም። «ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ እትዬ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። «ለምንም ብሎ ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው አላየሁም» አለኝ፤ ዝም አልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ዝም ማለት ለእኔ አዲስ ሥራ ነው። ነጠላዬን ሦስት ጊዜ አጥፌ ሦስት ጊዜ ዘርግቼዋለሁ። ያንን ቃል በአፌ ስደግመው ነው የዋልኩት፤ ድምፅ ሳላወጣ፣ ከናፍሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ። ይህን ያህል ዘመን ይዤው ኖሬ፣ ነገ መንገድ ላይ እንዳይጠፋኝ እፈራለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሆነውን ስመለስ እነግራችኋለሁ። አስናቀች ምን እንዳለች፣ ልጂቱ ኮምፒዩተር ክፍል ገብታ እንደሆነ፣ ትዕዛዙም ፊቴ ቆሞ እንዴት እንዳላበው፣ አንድ ሳላስቀር። ፍሬሰላም ሰሌዳው ላይ ጽፋ እንደሆነና እንዳልጻፈችም እነግራችኋለሁ። ብትጽፈውም ግን ምን ብላ እንደጻፈች ከእኔ አትሰሙም። የሷ ነው።